ቅጽሉን የሚመርጠው ስሙ ነው፦ ከፍ ያሉ የእንግሊዝኛ ቅጽሎችን ስለ መማር

ጥያቄ፦ «ለማስተርስ ትምህርት ለማመልከት ከ3 ወር በኋላ አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና እወስዳለሁ። ከፍ ያሉ የእንግሊዝኛ ቅጽሎችን ከነአማርኛ ፍቺያቸው 400 ያህል ሸምድጃለሁ። ልጽፍ ስቀመጥ ግን የሚመጡልኝ ‹ጉድ›፣ ‹ቢግ›፣ ‹ናይስ› እና ‹ኢምፖርታንት› ብቻ ናቸው። ከሸመደድኳቸው አንዱን በግድ ሳስገባ ደግሞ የሚያርሙልኝ መምህር ‹ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ግን እንዲህ አይባልም› እያሉ ያሰምሩበታል። ጥፋቴ ምንድን ነው? በቀረኝ ጊዜስ ምን ላድርግ?»

መልስ፦ መምህርዎ ያሰመሩት ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። ችግሩ የማስታወስ አይደለም፤ 400 ቃል የያዘ ሰው ማስታወስ አላቃተውም። ችግሩ ዝርዝርዎ ሁለት ዓምድ ብቻ ያለው መሆኑ ነው፤ አንዱ እንግሊዝኛው፣ ሌላው አማርኛው። የጎደለው ሦስተኛው ዓምድ፣ ቅጽሉ አብሯቸው የሚውላቸው ስሞች ናቸው። በእንግሊዝኛ ቅጽልን የሚመርጠው በአብዛኛው ከጎኑ የሚቆመው ስም ነው፤ ቃሉ ከባድ ወይም ብርቅ መሆኑ ለምርጫው አይጠቅምም።

ወጥ ቤት እንግባ። ቅቤው ቆይቶ ሸተተ፣ ዳቦው አድሮ ደረቀ፣ ወተቱ ኮመጠጠ፣ እንቁላሉ ገማ። አራቱንም «ተበላሽቷል» ብንል የሚከራከረን የለም። እንግሊዝኛ ግን ለቅቤው «ራንሲድ»፣ ለዳቦው «ስቴል»፣ ለወተቱ «ሳወር»፣ ለእንቁላሉ «ሮትን» ይላል፤ ዳቦው ሻጋታ ካበቀለ ደግሞ «ሞልዲ» ይሆናል። ዝርዝርዎ ላይ «ራንሲድ፦ የተበላሸ» ተብሎ ከተጻፈ አንድ ቀን «ራንሲድ ብሬድ» ብለው መጻፍዎ አይቀርም። ሰዋስዉ እንከን የለበትም። ግን እንዲህ አይባልም።

በአማርኛም ያው ነው፤ አፍ ስለፈታንበት አናስተውለውም እንጂ። «ድቅድቅ» ከጨለማ ጋር እንጂ ከጥቁር ልብስ ጋር አይሄድም። ቡና ሲበረታ «ወፍራም»፣ ሲላላ «ቀጭን» ነው። አማርኛ የሚማር እንግሊዛዊ «ጠንካራ ቡና» ብሎ ቢያዝ ከራሱ ቋንቋ «ስትሮንግ ኮፊ»ን ገልብጦ ነው፤ ይገባናል፣ ጆሯችን ግን አይቀበለውም። እርስዎ «ቲክ ኮፊ» ሲሉም መምህርዎ የሚሰማቸው ይኸው ነው። አንዳንዴ ሁለቱ ቋንቋዎች ይገጥማሉ፤ «ከባድ ዝናብ» ቃል በቃል «ሄቪ ሬይን» ነው። ወዲያው ደግሞ ይለያያሉ፤ «ሄቪ ስሞከር» አብዝቶ የሚያጨስ ሰው እንጂ «ከባድ አጫሽ» አይባልም። መግጠማቸውን ሳያረጋግጡ አይጻፉ።

እንግዲህ ከ400ው ጋር የሚሠሩት የመጀመሪያው ሥራ ማራገፍ ነው። ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ይዩትና በንባብ ወይም በዜና ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያጋጠሙዎት ላይ ብቻ ምልክት ያድርጉ። የቀሩትን ይተዉአቸው፤ ሲያነቡ የማያገኙት ቃል ሲጽፉም አያስፈልግዎትም። ምልክት ካገኙት በሳምንት 8 ይውሰዱ። ያለዎት 12 ሳምንት ገደማ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ያለ አዲስ ቃል ካሳለፉ 80 ቅጽል ይይዛሉ። ከነስሞቹ የተያዘ 80 ቅጽል ለዚህ ፈተና ከበቂ በላይ ነው።

ለእያንዳንዱ ቅጽል አንድ ካርድ ያዘጋጁ፤ ተቆርጦ የወጣ የደብተር ወረቀት ይበቃል። ቅጽሉን በፊት ገጽ አይጻፉት። በፊት ገጽ የሚጻፉት ሦስት ስሞች ናቸው፣ የቅጽሉ ቦታ ባዶ ሆኖ፤ ለምሳሌ «…… ፕላኒንግ»፣ «…… ሪሰርቸር»፣ «…… አቴንሽን ቱ ዲቴይል»። በጀርባው «ሜቲኪዩለስ» ብለው ጽፈው የድምፅ ጫናው የሚያርፍበትን ክፍለ ቃል ያስምሩበት፤ እዚህ «ቲ» ነው። መስተዋድድ (እንደ «አት»፣ «ኦቭ» ያለ ቃል) የሚጠራ ቅጽል ከሆነ መስተዋድዱን ያክሉ። ከዚያ ከራስዎ ኑሮ የተወሰደ አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር፤ ለምሳሌ ሒሳብ መዝገቧ ላይ አንዲት ሳንቲም ስለማታልፈው የሥራ ባልደረባዎ። የአማርኛው ፍቺ፣ «ጥቃቅኑን ሳይቀር የሚያይ፣ ጥንቁቅ» የሚለው፣ በመጨረሻ በትንሹ ይጻፍ።

ካርዱ ወደ ኋላ የተገለበጠ የሚመስለው በምክንያት ነው። ሰው ሲጽፍ መጀመሪያ አእምሮው ላይ የሚመጣው ስሙ ነው፤ ስለ ዕቅድ ሊጽፍ ይነሳና ምን ዓይነት ዕቅድ እንደሆነ ቀጥሎ ይፈልጋል። ከአማርኛ ፍቺ ወደ እንግሊዝኛ ቅጽል ሲከልሱ የከረሙ ሰው ያ መንገድ አልተጠረገላቸውም፤ ለዚህ ነው 400 ቃል ይዘው «ጉድ» ብቻ የሚመጣልዎት። ስሞቹን አይተው ቅጽሉን ማውጣት ከለመዱ «ፕላኒንግ» ብለው ሲያስቡ ቅጽሉ ራሱ ይመጣል። ክለሳው በዚያው ቀን ማታ፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ21ኛው ቀን ይሁን። በ21ኛው ቀን ያልመጣልዎት ካርድ እንደ አዲስ ይጀምራል። በቀን 25 ደቂቃ ከመደቡ ይበቃል፤ እሑድ አምስት ሰዓት ቁጭ ማለት ግን ይህን አይተካም።

ስሞቹን የሚያገኙት ለተማሪ ተብሎ በተዘጋጀ፣ እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ በሚፈታ መዝገበ ቃላት ነው። ከፍቺው ይልቅ በሥሩ ያሉትን ምሳሌዎች ያንብቡ፤ የሚደጋገሙት ስሞች የቅጽሉ ጓደኞች ናቸው። የቃላት ጉድኝትን፣ ማለትም የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ፣ ብቻ የሚዘረዝሩ መዝገበ ቃላትም ስላሉ አንዱን ቢያገኙ ብዙ ጊዜ ይቆጥቡልዎታል። ከተጠራጠሩ ሁለቱን ቃላት በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብተው ኢንተርኔት ላይ ይፈልጉ። የሚመጡት የታወቁ ጋዜጦችና ዩኒቨርሲቲዎች ከሆኑ ጥምረቱ ይባላል፤ ምንም ካልመጣ ወይም የሚመጡት የቃላት ዝርዝር ገጾች ብቻ ከሆኑ ይተዉት።

ሥራውን አሁኑኑ እጅዎ ላይ ካሉት ቃላት ይጀምሩ። «ኢምፖርታንት»ን ይውሰዱና ስሙን እየቀያየሩ ይሞክሩት። «ሮል» ከሆነ «ክሩሻል» ወይም «ፒቮታል»፤ «ሪዝን» ከሆነ «ሜን» ወይም «ኮምፔሊንግ»፤ «ዲፈረንስ» ከሆነ «ሲግኒፊካንት»፤ ስለ ሰው ከሆነ «ፕሮሚነንት» ወይም «ኢንፍሉዌንሻል»። «ኮምፔሊንግ ዲፈረንስ» ወይም «ፕሮሚነንት ሪዝን» ብለው ቢያቀያይሩ ግን የመምህርዎ መስመር ተመልሶ ይመጣል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን «ጎበዝ» ነው። ይህ የእኛ ቃል እንግሊዝኛ በአንድ ቃል የማይዘውን ነገር ይዟል፤ ት/ቤት ውስጥ ደግሞ ሁሉንም «ክሌቨር» ብለን ጨርሰነዋል። ፈጥኖ የሚገባው ልጅ «ብራይት» ነው። ሳይሰለች የሚያጠናው «ዲሊጀንት» ነው። ማንም ባያየው እንኳ ሥራውን በሕሊናው የሚሠራ «ኮንሺየንሸስ» ነው። ሥራውን በሚገባ የሚችል ባለሙያ «ኮምፒተንት»፣ ብዙ ሠርቶ ያስመሰከረ «አኮምፕሊሽድ»፣ በሌለ ዕቃ መላ የሚፈጥር «ሪሶርስፉል»፣ አደጋ ፊት የማያፈገፍግ «ከሬጀስ»። አለቃዎ በድጋፍ ደብዳቤው «ክሌቨር» ካለልዎት ፈጣን አእምሮ እንዳለዎት እንጂ ታታሪ መሆንዎን አልተናገረም፤ እንዲያውም ቃሉ በእንግሊዝኛ አንዳንዴ የብልጣብልጥነት ሽታ አለው። የ«ጎበዝ» ተቃራኒም እንዲሁ ያሳስታል። «ሰነፍ ተማሪ» ስንል ብዙ ጊዜ በትምህርቱ ደከም ያለ ማለታችን ነው፤ «ሌዚ ስቱደንት» ግን መሥራት እየቻለ የማይሠራ ብሎ መክሰስ ነው። የሚፈለገው «ዊክ» ወይም በለዘበ አነጋገር «ስትራግሊንግ» ነው። መዝሙረ ዳዊት ላይ «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» የሚለው ሰነፍ ደግሞ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ፉል» ነው፤ ሞኝ፣ ማስተዋል የጎደለው ማለት ነው። አንድ የአማርኛ ቃል ብቻውን ምን ያህል ሰፊ ሜዳ እንደሚሸፍን ከዚህ ይታያል።

«ከባድ»ን በዚሁ መንገድ ራስዎ ይበትኑት። ፈተና «ታፍ»፣ ሕመም «ሲሪየስ» ወይም «ሲቪር»፣ ሥራ «ዲማንዲንግ»፣ ቅጣት «ሃርሽ»፣ እንቅልፍ «ዲፕ»። አስከፊ ድህነት «አብጀክት» ይባላል፤ ይህ ቃል ከድህነትና ከጥቂት መሰሎቹ ውጭ ብዙ አይታይም፣ እንደ እኛ «ድቅድቅ» ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ከፍ ያለ ቃል ማለት ረጅም ቃል ማለት አይደለም። «ስታርክ»፣ «ዳየር»፣ «ብሊክ»፣ «ኪን»፣ «ሺር» አጫጭር ናቸው፤ ነገር ግን «ስታርክ ኮንትራስት» (ጉልህ ልዩነት) ወይም «ኪን ኢንተረስት» (ጥልቅ ፍላጎት) ብሎ በቦታው የጻፈ ሰው አራት ክፍለ ቃል ያለው ቅጽል ከደረደረው ይልቅ ቋንቋውን የሚያውቅ ሆኖ ይታያል።

ቀጥሎ «ቬሪ»። አማርኛ «በጣም»ን ከብዙ ነገር ጋር ያስማማዋል። እንግሊዝኛ ግን ቅጽሎቹን ለሁለት ይከፍላል። እንደ «ታየርድ»፣ «አንግሪ»፣ «ኮልድ»፣ «ክራውድድ» ያሉት ከፍና ዝቅ ስለሚሉ «ቬሪ»ን ይቀበላሉ። «ኤግዞስትድ»፣ «ፊዩሪየስ»፣ «ፍሪዚንግ»፣ «ፓክድ» ግን ጣሪያ የነኩ ናቸው፤ «በጣም»ን በሆዳቸው ይዘውታል። አዳራሹ ጢም ብሎ ሲሞላ «በጣም ጢም አለ» እንደማንል ሁሉ «ቬሪ ፓክድ»ም አይስማማም። ለእነዚህ «አብሶሉትሊ» ወይም «አተርሊ» ይጠቀሙ፤ «ሪሊ» በንግግር ለሁለቱም ወገን ያገለግላል። «ቬሪ ኤክሰለንት»፣ «ቬሪ ኢኖርመስ»፣ «ቬሪ ኢሴንሻል» የሚሉት ስሕተቶች የሚመጡት ከዚህ ነው። «ኳይት» ላይ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ በብሪታንያ እንግሊዝኛ «ኳይት ታየርድ» መጠነኛ ድካም ሲሆን «ኳይት ኤግዞስትድ» ግን ፈጽሞ መድከም ነው። ለጽሑፍ የሚሻለው ቅጽሉን ከተለመደ አጠንካሪው ጋር መያዝ ነው፦ «ሃይሊ አንላይክሊ»፣ «ዲፕሊ ኮንሰርንድ»፣ «ቢተርሊ ዲሳፖይንትድ»፣ «ዋይድሊ አቬይለብል»። እነዚህም በካርዱ ጀርባ ይገባሉ።

«ቦሪንግ» እና «ቦርድ»ን ማምታታት ተማሪን ለዓመታት የሚከተል ስሕተት ነው። የሚገርመው አማርኛ ልዩነቱን ጥርት አድርጎ ያስቀምጠዋል። «አሰልቺ»፣ «አድካሚ»፣ «አሳፋሪ»፣ «አስገራሚ»፣ «አስደንጋጭ» በ«አ» ወይም በ«አስ» የሚጀምሩ አድራጊዎች ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው በ«ኢንግ» ያልቃል። «የሰለቸው»፣ «የደከመው»፣ «ያፈረ»፣ «የተገረመ»፣ «የደነገጠ» ስሜቱ የደረሰባቸው ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው በ«ኢዲ» ያልቃል። ስለዚህ «አይ አም ቦሪንግ» ያለ ሰው «እኔ አሰልቺ ነኝ» ብሏል። ታዲያ ለምን እንሳሳታለን? አማርኛ ስሜትን የሚናገረው በአብዛኛው በግስ ስለሆነ ነው፤ «ሰለቸኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ራበኝ» ስንል ሰውየው ባለቤት ሳይሆን ተሳቢ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ሰውየውን ባለቤት አድርጎ «አም» ወይም «ኢዝ» ያስከትልና ቅጽሉን በ«ኢዲ» ያመጣል። በዚህ ሽግግር ላይ ነው የሚያንሸራትተው። ሲጠራጠሩ የአማርኛውን ቅጽል ያውጡና በ«አ» ወይም በ«አስ» የሚጀምር አድራጊ መሆኑን ይዩ።

ይህ መፈተኛ ሁልጊዜ አይሠራም፤ አንዳንዶቹ በ«ኢንግ» ፈንታ የራሳቸውን ቅጥያ ይወስዳሉ። አስጨናቂ «ስትረስፉል» ነው፤ «ስትረሲንግ» አይባልም። አስደሳች «ዲላይትፉል»፣ አድናቆት የሚያጭር «ኢምፕሬሲቭ»፣ ስሜት የሚጎዳ ንግግር «ኦፌንሲቭ»። የስሜቱ ተቀባይ ግን በአራቱም በ«ኢዲ» ይቀራል፦ «ስትረስድ»፣ «ዲላይትድ»፣ «ኢምፕሬስድ»፣ «ኦፌንድድ»።

መስተዋድዶቹ ላይ አማርኛ በቀጥታ ወደ ወረቀትዎ ይገባል። «በሒሳብ ጎበዝ» ስለምንል «ጉድ ኢን» እንጽፋለን፤ ልኩ «ጉድ አት» ነው። «በልጄ እኮራለሁ» «ፕራውድ ኦቭ» እንጂ «ፕራውድ ባይ» አይደለም። «በውሃ የተሞላ» «ፉል ኦቭ»፤ «ከእሱ ጋር የተጋባች» «ማሪድ ቱ»፤ «ከዚያኛው ጋር ተመሳሳይ» «ሲሚላር ቱ»። በመጨረሻዎቹ ሁለት ላይ «ጋር» የሚለው ቃላችን «ዊዝ»ን እየጎተተ ያመጣል። «እባብ እፈራለሁ» ላይ ደግሞ መስተዋድድ ጭራሽ ስለሌለ «አይ አፍሬድ ስኔክ» እስከ ማለት ይደረሳል፤ «አም»ም «ኦቭ»ም ወድቀዋል። ከፍ ያሉት ቅጽሎች ላይ መስተዋድዱ የቃሉ አካል ነው ብለው ይያዙት፦ «ፕሮን ቱ»፣ «ሰሴፕቲብል ቱ»፣ «ኮንዱሲቭ ቱ»፣ «አዴፕት አት»፣ «ኬፐብል ኦቭ»፣ «ፍሮት ዊዝ»። «ፕሮን» የሚለውን ብቻውን የያዘ ሰው ግማሽ ቃል ነው የያዘው።

ብዙ ተማሪ የማይነካው ነገር ግን ለማስተርስ ጽሑፍ እጅግ የሚያስፈልግ ሌላ ክምችት አለ። አማርኛ «የ» ብሎ በስም የሚገልጸውን እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ በቅጽል ይገልጸዋል። የእናቶች ጤና «ማተርናል ሄልዝ»፣ የበጀት ዓመት «ፊስካል ይር»፣ የዳኝነት ነፃነት «ጁዲሻል ኢንዲፔንደንስ»፣ የፀሐይ ኃይል «ሶላር ፓወር»፣ የቤት ውስጥ ጥቃት «ዶሜስቲክ ቫዮለንስ»፣ የጥርስ ሕክምና «ዴንታል ኬር»። እነዚህ ዓይነትን የሚለዩ እንጂ መጠንን የሚናገሩ ስላልሆኑ «ቬሪ»ን አይቀበሉም፤ ከስማቸው ፊት እንጂ ከ«ኢዝ» በኋላም እምብዛም አይቆሙም። ሆኖም ሁሉም ቦታ አይገቡም። የልብ ምት መቆም «ካርዲያክ አሬስት» ሲሆን የልብ ሕመም በአብዛኛው «ሃርት ዲዚዝ» ነው፤ የጨረቃ ግርዶሽ «ሉናር ኢክሊፕስ»፣ የጨረቃ ብርሃን ግን «ሙንላይት»። የሙያ ዘርፍዎን ሦስት ጽሑፎች ያንብቡና «የ» ብለው የሚተረጉሟቸውን ቅጽሎች ብቻ ይልቀሙ፤ ከ80ዎቹ 20ው ከዚያ ቢወጡ ደስ ይላል። በ«ኢክ» የሚያልቁትን ሲጠሩ ጫናውን በአብዛኛው ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ ያሳርፉ፤ «ኢኮኖሚክ» ላይ «ኖ»፣ «ሂስቶሪክ» ላይ «ቶ»። «ካል» የሚጨምሩት ደግሞ ፍቺ ሊቀይሩ ይችላሉ። በ1888 ዓ.ም. የተገኘው የዓድዋ ድል «ሂስቶሪክ» ነው፣ ታሪክ የሠራ ስለሆነ፤ ስለ ድሉ የሚያወሱ የቆዩ ሰነዶች ግን «ሂስቶሪካል»። የአገር ምጣኔ ሀብት ጉዳይ «ኢኮኖሚክ»፣ ነዳጅ የሚቆጥብ መኪና «ኢኮኖሚካል»።

ቃሉ የሚያዝለውን ስሜት ሳያውቁ ስለ ሰው አይጻፉ። ቀጭን ሴት «ስሊም» ከተባለች ተመሰገነች፣ «ስኪኒ» ከተባለች ተነካች፣ «ቲን» መካከል ላይ ነው። ገንዘብ አያያዝ የሚያውቅ «ፍሩጋል» ወይም «ትሪፍቲ»፣ ቋጣሪው «ስቲንጂ»። ዓላማውን የማይለቅ «ዲተርሚንድ»፣ ምክር የማይሰማ «ስተበርን»። ለማወቅ የሚጠይቅ «ኢንኩዊዚቲቭ»፣ የሰው ጓዳ የሚጎረጉር «ኖዚ»። እኛ ዘንድ ዘመድ ቤት ገብተው «ወፈር ብለሃል፣ ተመችቶሃል» ቢባሉ ምርቃት ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪን «ፋት» ማለት ግን ስድብ ነው፣ በፍቅር የተባለ ቢሆንም።

ማመልከቻ ስለሚጽፉ ይህንንም ልጨምር። የአማርኛ ደብዳቤ ቅጽልን በጥንድ ይወዳል፤ «ልባዊና ጥልቅ ምስጋና» ሲባል ያምራል። እንግሊዝኛው አንድ «ሲንሲር» ይበቃዋል። «ዩር ኤስቲምድ ዩኒቨርሲቲ» ከ«የተከበረው ተቋማችሁ» የመጣ ነው፤ አንባቢው ስለ እርስዎ የሚያውቀው ነገር አይጨምርለትም፣ ያውጡት። ራስን «ሃርድወርኪንግ፣ ዳይናሚክ ኤንድ ፓሽኔት» ብሎ ከመግለጽ የሠሩትን ሥራ በቁጥርና በዓመት መጻፍ ይሻላል፤ ቅጽሉን አንባቢው ራሱ ይስጥዎት።

የቀሩት ሕጎች ቀላል ናቸው። ቅጽል በእንግሊዝኛ አይበዛም፤ «ትልልቅ ቤቶች» ብለን ቅጽሉን እናበዛለን፣ እንግሊዝኛው «ቢግ» እንዳለ ይቀራል። ብዙ ቅጽል ከተደረደረ አስተያየት ይቀድማል፣ ከዚያ መጠን፣ ዕድሜ፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ አገር፣ በመጨረሻ የተሠራበት ነገር፤ ግን ከሁለት በላይ መደርደር ራሱ አይመከርም። «አስሊፕ»፣ «አላይቭ»፣ «አፍሬድ» ከስም ፊት አይቆሙም፤ የተኛ ሕፃን «ስሊፒንግ ቻይልድ»፣ በሕይወት ያለ ዓሣ «ላይቭ ፊሽ» ነው። «ይበልጥ የተሻለ» ስለምንል «ሞር ቤተር» እንጽፋለን፤ «ቤተር» ብቻውን ይበቃዋል። ተጣምረው ቅጽል የሚሆኑ ቃላት በሰረዝ ይያያዛሉ፤ የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት «ሮክ-ሂውን» ናቸው፣ ከአለት የተፈለፈሉ። የአሥር ዓመት ልጅ «ቴን-ይር-ኦልድ ቦይ» ሲባል «ይር» አይበዛም፤ እኛም «አሥር ዓመት» እንጂ «አሥር ዓመታት ልጅ» ስለማንል ይህ አይከብድዎትም።

አሁን ወደ ፈተናው። በጽሑፍ ክፍሉ ከ4ቱ መመዘኛዎች አንዱ የቃላት አጠቃቀም ሲሆን ክብደቱ ሩብ ነው። «ባንድ 7» በሚባለው የውጤት ደረጃ ላይ የሚጠበቀው ያልተለመዱ ቃላትን ከጉድኝታቸውና ከአጻጻፍ ደረጃቸው ጋር መጠቀም ነው፤ ብርቅ ቃል በማይገባበት ያስቀመጠ ወደ ታች ይወርዳል። የአካዳሚክ ፈተናው የመጀመሪያ ጽሑፍ፣ ቢያንስ 150 ቃል የሚጠይቀውና 20 ደቂቃ የሚመደብለት፣ ግራፍ ወይም ሠንጠረዥ ሲያስገልጽ የሚፈልገው ቅጽል ጥቂት ነው። እነዚህን በሁለት መስመር ይያዟቸው። አንዱ የመጠን ነው፦ «ማርጂናል»፣ «ስላይት»፣ «ሲግኒፊካንት»። ሌላው የአካሄድ ነው፦ «ግራጁዋል»፣ «ስቴዲ»፣ «ሻርፕ»። አማርኛ «ቀነስ ያለ»፣ «ከፍ ያለ» እያለ በ«ያለ» የሚያለዝበው ብዙ ጊዜ «ስላይት» ወይም «ሪላቲቭሊ» ይሆናል። ከ50 ወደ 51 በመቶ የወጣን ነገር «ድራማቲክ» ማለት ቃሉንም ግራፉንም አለማንበብ ነው። «ስቴዲ» ደግሞ «የተረጋጋ» ተብሎ ስለሚተረጎም ያሳስታል፤ «ስቴዲ ራይዝ» ሳያቋርጥ እኩል እያደገ የሄደ ነው፣ ሳይለወጥ የቆየው «ስቴብል» ነው።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት አዲስ ካርድ አያዘጋጁ። እስካሁን መምህርዎ ያረሟቸውን ጽሑፎች ያውጡና ቅጽሎቹን ሁሉ ያስምሩባቸው። ለእያንዳንዱ ሁለት ጥያቄ ያቅርቡ፦ ቢወጣ ዓረፍተ ነገሩ ምን ያጣል? ከዚህ ስም ጋር ሲሄድ አንብቤ አውቃለሁ? ምንም የማያጣውን ያውጡ፤ «ፊውቸር ፕላን»፣ «ፓስት ሂስትሪ»፣ «ፍሪ ጊፍት» ላይ ቅጽሎቹ ስሙ አስቀድሞ ያለውን ነው የሚደግሙት። ከዚያ ሁለተኛውን ጽሑፍ፣ 250 ቃል የሚጠይቀውን፣ በ40 ደቂቃ ሰዓት ይዘው በየሁለት ቀኑ አንድ ይጻፉ፤ ከ40ው የመጨረሻዎቹን 4 ደቂቃ ለቅጽል ብቻ ይተዉ። በእነዚያ 4 ደቂቃዎች «ቬሪ» ያለበትን ቦታና የተደጋገመውን «ኢምፖርታንት» ይፈልጉ፣ ከጎኑ ያለውን ስም ይዩና ከካርድዎ የሚመጣልዎትን ይተኩ። ካልመጣልዎት እንዳለ ይተዉት፤ ቀላል ሆኖ ልክ የሆነ ቅጽል ከስሙ ጋር ካልተስማማ ከባድ ቅጽል የተሻለ ነጥብ ያሰጣል።